ከታየች ግቢ የመጣ ካምቢዮ

የካቲት 24፣ ሐሙስ

ቮልሷ ዛሬ ሞተች። ከማርቆስ አብማ ማርያም ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ አሰማችና ቆመች። ባሌ ውበቱ ማርሹን ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል አልገባ አለው። ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዙን። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምኩ። ባሌ ጣሪያዋን እንደታመመች ላም ሲዳብሳት ዐየሁት። ባለፈው ክረምት ወገቤን ሲያመኝ እኔን እንዲያ አልዳበሰኝም።

የየኔአለም ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ ነው። «ከአባቴ ቤት የምወጣው በቮልሷ ነው» ትላለች። ከልጅነቷ ጀምራ የምትለው ነው። ጾሙ እስኪፈታ ካልተሠራች ልጅቷ በሰው መኪና ልትወጣ ነው።

እኔ ምን አገባኝ። የወለድኳት እኔ አይደለሁም።

የካቲት 26፣ ቅዳሜ

መካኒኩ ባዘዘው ቮልሷን ጋራዡ አስገብቶ ማርሹ ያለበትን ካምቢዮ አወረደው። ከፍቶ ዘይቱን ሲደፋው ብረት ብረት ነገር አብሮ ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እትዬ የብርጓል፣ ይኼ አልቆለታል። ጥርሱ ረግፏል» አለኝ። «ጥርሱን ብቻ እንዳልቀይርልዎ አዲስ አበባም አስጠይቄ ጠፋ። ሙሉ ካምቢዮ ነው መፈለግ ያለባችሁ።»

ውበቱ መሬት መሬቱን እያየ «ሮብ ገበያ አንድ አለ» አለ።

ስም አልጠራም። መጥራትም አያስፈልገውም።

ከውስጤ እንዲወጣልኝ ልጻፈው። ውበቱ ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው፣ ታየች የምትባል። የኔአለም የእሷ ልጅ ናት። ሲፋቱ ሽማግሌዎቹ ከብቱንም ዕቃውንም ሲያካፍሉ ቮልሶቹንም አካፈሉ። አንዲቱ የምትሄድ ነበረች፣ ሌላይቱ ለመለዋወጫ ብሎ የገዛት የቆመች። የምትሄደው ለእሱ ደረሰች፣ የቆመችው ለእሷ። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። የእሷይቱ እስካሁን ሮብ ገበያ ግቢዋ ውስጥ ናት አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ታየች ሙሽራ ሆና የወጣችው በዚችው በእኛይቱ ቮልስ ነው። ፎቶግራፉን ዐይቼዋለሁ። እኔ ወደዚህ ቤት የመጣሁት በአውቶቡስ ነው፣ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ።

የካቲት 27፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ካምቢዮ ሳስብ ዋልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቄሱ ምን እንዳስተማሩ አንድ ቃል አላስታውስም።

መጋቢት 3፣ ቅዳሜ

ውበቱ ስልኩን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ሄደ። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ እንጂ ልሰማ አልነበረም።

«እሺ... እሷ አታውቅም... ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው... በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።»

ሲያየኝ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«ማን ነው?» አልኩት።

«የሥራ ሰው ነው።»

የምን ሥራ? ጡረታ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው! ወደ ቤት ገብቼ ያጠብኩትን ልብስ መልሼ አጠብኩት።

መጋቢት 4፣ እሑድ

የኔአለም ለሠርጓ ጥሪ የሚጠሩትን ስም ስታነብልን ዋለች። «እማዬና የሮብ ገበያ ዘመዶች» አለች ቀለል አድርጋ። እኔን የምትጠራኝ እታለም ብላ ነው። ለትምህርት ብሎ አባቷ ሲያመጣት ነጠላዬን ይዛ «ምን ብዬ ልጥራሽ?» አለችኝ፣ እኔም እታለም በይኝ አልኳት። ያኔ እማዬ በይኝ ብላት ትል ነበር። ልጅ እኮ ያሉትን ነው የሚይዝ።

ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት። የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንብራ ስለቅም «እታለም ነይ ይቺን በይ» እያለች ነው ያስጀመረችኝ። ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። ሀሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ ሳሳስት እንደ የኔታ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። እናቷ ይህን አታውቅም። ይህ የእኔ ብቻ ነው።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወደ ጋራዡ ብቻዬን ሄጄ «ኮምቢም እኮ ቮልስ ነው አይደል?» አልኩት ባዘዘውን። ደብረ ኤልያስ ገዳሙ የሚባል ሰው ሰው የሚያመላልስበት አሮጌ ኮምቢ ነበረው፣ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ተሳፍሬበታለሁ። አሁን ቆሟል፣ ዕቃ ዕቃውን እየፈታ ይሸጣል።

ባዘዘው ራሱን እከክ አደረገ። «ኮምቢ ሠርቼ አላውቅም። ግን ወንድማማች ናቸው፣ መግጠሙ ይገጥማል። የሮብ ገበያውን ግን ለምን ተዋችሁት? እሱ እኮ ያው ራሱ ነው።»

«የዶሮ ኩስ የበላው ካምቢዮ ነው» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዐይቼው አላውቅም።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

ምሽቱን ክርክር ነበር። ክርክር ከተባለ።

ውበቱ «የኮምቢ ካምቢዮ ለከባድ ጭነት የተሠራ ነው። ለቮልሷ አይሆናትም» አለ። «የታየች ግን ልኳ ነው።»

«ልኳ ነው?»

«ለመኪናዋ ማለቴ ነው።»

«የዚያን ግቢ ብረት እዚህ ግቢ አላስገባም። ከፈለግህ አንተም እዚያው ሂድና ልክህን ፈልግ።»

የኔአለም ከጓዳ ብቅ ብላ ዐየችንና ተመለሰች። ውበቱ ሻይውን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ «እንዳልሽ» አለ።

አሸነፍኩ። ልኳ ነው ያለው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

መጋቢት 17፣ ቅዳሜ

ካምቢዮው ከደብረ ኤልያስ መጣ። ባዘዘው በነዳጅ አጥቦት ጥርሱን አሳየኝ። ሁሉም ደህና። «ጨዋ ካምቢዮ ነው» አለ። ጎረቤቴ ሽታዬ አጥር ላይ ሆና «ለሙሽራዋ ጥሎሽ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ብዙ ጊዜዬ ነው ከሳቅሁ።

መጋቢት 25፣ እሑድ

ስልኩ እንደገና። ከቤቱ ጀርባ። ካምቢዮ አግኝተናል፣ አሁን ምን የቀረ ወሬ አለ?

መሰንበቻውን በደንብ እየለበሰ ነው። ጫማውን ይጠርጋል። ለልጁ ሠርግ ነው ይላል። የሚመጣው ማን እንደሆነ አላጣሁትም።

ሚያዝያ 1፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ባዘዘው ገጥሞ ጨረሰና ቮልሷን ወደ ግቢያችን አስጎትቶ አመጣት። መንገዱ ላይ ሊሞክራት ሲል ውበቱ «መጀመሪያ እኔ» አለ። ኮቱን ለበሰ። የኔአለምም እጮኛዋን ፍቅረ ሥላሴን ይዛ መጣች። ሰፈሩ ወጣ። ሞተሩ ተነሣ፣ ጥሩ ድምፅ ነው። ውበቱ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ።

ቮልሷ ወደ ኋላ ሄደች።

ወደ ኋላ! ለሠርጉ ዳስ ያስቆለልነው የባሕር ዛፍ አጠና ላይ ወጥታ ቆመች። አጠናው ተንኮታኩቶ ተበተነ።

«አንደኛ ነው ያስገባሁት!» ብሎ ጮኸ ውበቱ። እንደገና ሞከረ። ወደ ኋላ። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ፣ ይባስ ፈጥና። በመጨረሻ የኋላ ማርሹን ሲያስገባ ቮልሷ ቀስ ብላ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ወደ ፊት ሄደች።

የሳቁን ነገር አላወራውም። ሽታዬ ሆዷን ይዛ «እሰይ! ሙሽራዋን በጀርባ ነው እንግዲህ የምትሸኟት!» አለች። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ «ፊቷን ወደ ሮብ ገበያ አዙሩላት፣ ያኔ ወደ ማርቆስ ትሄዳለች» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ምንም ማለቱ አይደለም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

የኔአለምም ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ አለቀሰች። ፍቅረ ሥላሴ መሐረብ ሰጣት።

ሚያዝያ 2፣ እሑድ

ባዘዘው ለገዳሙ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማን። ገዳሙ ሳቁን መግታት አቃተው።

«ለኮምቢ መስሎኝ ነው እኮ የሸጥኩላችሁ! ኮምቢ ጎማው ጋ ሌላ ጥርስ አለው። ያ ጥርስ ዙሩን ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ ካምቢዮው ከመጀመሪያው ተገልብጦ ነው የተሠራ። ቮልስ ላይ ስትገጥሙት ወደ ኋላ አራት ማርሽ፣ ወደ ፊት አንድ! ማን ጠየቀኝ?»

ባዘዘው አንገቱን ደፋ። ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ አውጥቶ ወደ ሌላው ጎን ማዞር ይቻላል አለ። ግን ልኩን የሚያይበት መሣሪያ የለውም። በግምት ቢያደርገው ሙሽሮቹ እንደተሳፈሩ መንገድ ላይ ይሰበራል።

ውበቱ «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም የምመልሰው አላጣም ነበር።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

የኔአለም «ግድ የለም እታለም፣ የፍቅረ ሥላሴ አጎት መኪና አለው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ከልጅነቷ ጀምራ ከለመነችው አንዱን ያስቀረሁባት እኔ ነኝ። ለምን? አንድ የብረት ዕቃ ጠልቼ?

ብረቱን አይደለም።

ሚያዝያ 9፣ ሆሣዕና

ከቅዳሴ መልስ ውበቱ ጋቢውን አጣጥፎ ያዘ። «ማክሰኞ ሮብ ገበያ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለ።

«አንተ አትሄድም። እኔ እሄዳለሁ» አልኩት።

ዐይኑን አፍጥጦ ዐየኝ። «አንቺ?»

«እኔ ያበላሸሁትን እኔ አቀናዋለሁ።» ይህን አልኩ፣ ውሸትም አይደለም። እውነቱ ግን እሱ እዚያ ግቢ ቁጭ ብሎ እንዲጫወት አልፈልግም።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። ነገ ሕማማት ይገባል። በሕማማት ሰው ሰውን አይስምም፣ እጅም አይጨባበጥም። እኔና ታየች ያለ መሳሳም ተገናኝተን ያለ መሳሳም እንለያያለን። ከዚህ የተሻለ ሳምንት የለም።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ከሮብ ገበያ ተመለስኩ። እጄ ገና ዘይት ዘይት ይላል። ሁሉንም ልጻፈው።

በኪራይ ፒካፕ ከባዘዘው ጋር ሄድን፣ የኮምቢውን ካምቢዮ ከኋላ ጭነን። ገዳሙ መልሼ አልገዛም ብሏል፣ ባዘዘው ምናልባት የሚፈልገው ሰው ይገኛል ብሎ ነው። ዳገቱን ስንጨርስ ከጮቄ ተራራ ብርዱ ወረደብን። ታየች ድንች ማሳዋ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ሸንቃጣ ናት። ወገቧ ቀጥ ያለ ነው። ጥርሷ አንድም አልጎደለ። እኔ እሷን እስካይ ድረስ ያረጀች መስሎኝ ነበር። ለምን እንደመሰለኝ አላውቅም፣ እኩያዬ ናት።

ቆምን። ሁለታችንም እጃችንን ነጠላችን ውስጥ ከተትን።

«ሳምንቱ ሆነና» አለች።

«አዎ፣ ሳምንቱ» አልኩ።

«ይግቡ እስቲ። ደክሞዎታል።»

ቮልሷ አጥሩ ጥግ ናት። ቀለሟ ገና ሰማያዊ ነው። ውስጧ በሙሉ ዶሮ! መሪው ላይ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሟል፣ ሹፌር ይመስላል። የዶሮ ኩስ ያልኩት እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ግን ከላይ ነው፣ ካምቢዮው ከስር ደረቅ ቦታ ነበር። ባዘዘው ከስሯ ገብቶ ቡሎኖቹን ሲፈታ እኔና እሷ ጉቶ ላይ ተቀመጥን። ዘይቱን ጣቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ንጹሕ ነው። «ልኳ ነው» አለ እሱም።

ታየች «ውበቱ ደውሎልኝ ነበር» አለች።

«ዐውቃለሁ» አልኩ።

«ስለ ጉልበት መሳሙ። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ከጎኑ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት አለኝ። 'ያሳደገቻት የብርጓል ናት፣ አንቺ ከእንግዶቹ ጋር ትሆኛለሽ፣ ቅር እንዳይልሽ' አለኝ። እሺ አልኩት። ደግሞ ደወለ፣ 'እውነት ቅር አላለሽም?' ብሎ። አላለኝም አልኩት።»

ከቤቱ ጀርባ ሲንሾካሾክ የነበረው ይህን ነው። ለእኔ ግን ምን አለበት ቢነግረኝ? በኋላ እነግራታለሁ ያለው መቼ ሊሆን ነው? ይህን ሁሉ ሳምንት አንጀቴን አሳረረው።

«ቅር ብሎዎታል?» አልኳት።

ስንዴ የሚለቅም አንድ ጫጩት እሽ አለች። «እኔ የወለድኳት ነኝ። የትም ብቀመጥ ምን ያደርጋል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው።» ከዚያ እርስዎ ማለቱን ተወችው። «ልጄ ፊደል አስተማረችሽ አሉ። ለእረፍት ስትመጣ አንድ ጊዜ፣ 'እታለምን ማንበብ አስተማርኳት' አለችኝ። ቀናሁ። እኔን አላስተማረችኝም። እኔም አስተምሪኝ አላልኳት። የምሄድበትን መኪና ታፔላ እንኳ ሰው ነው የሚያነብልኝ።»

ደስ አለኝ። በሰሙነ ሕማማት፣ ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ደስ አለኝ። ታየች በእኔ ቀንታለች። ደስታው ግን አልቆየም። ፊቷን ሳየው የራሴን ፊት የማይ መሰለኝ።

ካምቢዮው ወጣ። ዋጋውን ስጠይቃት ተቆጣች። «ለልጄ ሠርግ ብረት ልሽጥ?» ከዚያ ፒካፑ ላይ ያለውን ዐየችና «እሱስ?» አለች።

«እሱ ወደ ኋላ የሚሄደው ነው።»

ሳቀች። በሕማማት ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። «እዚያው ከስር አስቀምጡልኝ። ባዶ ሲሆን ሸለምጥማጥ ይገባብኛል።»

ባዘዘው አስገብቶ አስቀመጠው። ሳንሳሳም ተለያየን። መኪናው ውስጥ ሆኜ ዞሬ ዐየሁ፣ ገና ቆማለች።

ሚያዝያ 13፣ ሐሙስ

ተገጠመ። አንደኛ፣ ወደ ፊት። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት። ሽታዬ አጥር ላይ ሆና ስትጠብቅ ነበር፣ የምትስቅበት አጥታ ገባች።

ውበቱ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ስለ ዶሮ አወራን።»

ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ይሳሳማል።

ሚያዝያ 23፣ ዳግም ትንሣኤ

ተሸኘች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ውበቱ ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቷል።

ታየች የመጣችው ጠዋት ነው። ደጃፉ ላይ ተገናኘን፣ ሰው ሁሉ እያየ ነበር። ጉንጯን ሰጠችኝ። ሳምኳት። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነው። «ካምቢዮው ሄደ?» አለችኝ በጆሮዬ። «ሄደ» አልኳት።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ዳሱ ውስጥ ሁለት ወንበር ተቀመጠ። ውበቱ ተቀመጠ፣ እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። ይህን ጊዜ ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ። ታየች ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ። ቅር አላለኝም ያለችው ሴትዮ።

የኔአለም ገና ሳትንበረከክ ተነሣሁ። ሽታዬ አጠገብ የነበረውን ወንበር ነጥቄ አመጣሁት። «ታየች፣ ነይ» አልኩ። ድምፄ የተቆጣ ይመስል ነበር። ውበቱ ሊነሣ ብድግ አለ። «አንተ ተቀመጥ!» አልኩት።

ወንበሩን ከእሱ አጠገብ አላደረግሁትም። ከእኔ ወዲያ ነው ያደረግሁት። እሱ በቀኜ፣ እሷ በግራዬ፣ መካከል እኔ። ሽታዬ «እንደ ዳኛ ተቀመጠች» ስትል ሰምቻለሁ። ትበል። ሁለቱ ጎን ለጎን አልተቀመጡም፣ ልጅቷም የእናቷን ጉልበት ስማ ወጣች።

እኔ ጋ ስትደርስ ጉልበቴን ያዘችና ቶሎ አልለቀቀችኝም። ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ እልልታው ብዙ ነበር።

ቮልሷ ከግቢው ወጣች። ወደ ፊት።

ሚያዝያ 25፣ ማክሰኞ

ታየችን ሮብ ገበያ አደረስናት። ውበቱ ነዳ። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ዳገቱን ቮልሷ በሁለተኛ ማርሽ እየዘመረች ወጣች። ታየች ከኋላ «እሱ ነው፣ የእኔው ነው። ድምፁን ዐውቀዋለሁ» አለች። ውበቱ መስተዋቱን ቀና ብሎ ሊያይ ሲል መስተዋቱን ወደ እኔ አዞርኩት።

ግቢዋ ስንደርስ አውራ ዶሮው አሁንም መሪው ላይ ነበር።

ሚያዝያ 30፣ እሑድ

የኔአለም ባሏን ይዛ ለምሳ መጣች። ስታወራ ስታወራ «እማዬን ክረምት ላይ ሄጄ ፊደል ላስቆጥራት አስቤያለሁ፣ እንዳንቺ» አለችኝ።

ወጡን እያወጣሁ ነበር። ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ።

«አያስፈልግም» አልኳት። «ሥራ አለብሽ። እኔ አስተምራታለሁ።»

«አንቺ? እታለም፣ አንቺ?»

«ምን አነሰኝ? ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

አቅፋ ሳመችኝ፣ ደግነት መስሏት። ውበቱም በዐይኑ አመሰገነኝ። ያስቡ።

ደብተርና እርሳስ ገዝቻለሁ። ረቡዕ በአውቶቡስ ሄጄ እጀምራታለሁ፣ ብቻዬን። ስታሳስት ጆሮዋን እቆነጥጣታለሁ። ማንበብ ትችላለች፣ ታፔላውንም፣ የልጇን ስምም። ግን ከእኔ ነው የምትማረው። የኔአለም አጠገቧ ተቀምጣ «ይቺን በይ» ያለቻት አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም እኔ ነኝ፣ እኔው ሆኜ እቀራለሁ።